ውሻው የማን ነው?

ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። (የውጭውን ታሪክ በውጭው አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልኩ በራሳችን እጽፋለሁ። ብሩስ እንግዳ ነውና በራሱ ይቆጠርለት።) የአባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ሰው ራስ ሚካኤል ስሑልን፣ ወጣቱን ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትንና የቤተ መንግሥቱን ሽኩቻ አብሮ አገኘ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ራስ ሚካኤል ወደ ከተማይቱ ተመልሶ ባላጋራዎቹን መቅጣት ሲጀምር፣ የተገደሉት ሰዎች ሬሳ ጎዳና ላይ ይጣል እንደነበር ብሩስ ጽፏል። ሌሊት ሌሊት ጅብ ከተራራው እየወረደ ከተማውን ይወርሰው እንደነበርም የእሱን መጽሐፍ ያገላበጠ ሁሉ ያስታውሳል። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ግን አንድ ነገር አለ። ብሩስ አዳኝ ውሾች ነበሩት። አሽከሮቹ በግድየለሽነት ሁለት ጊዜ ለቀቋቸው። ውሾቹ ወጡ፤ ሲመለሱ የሰው ራስና የሰው ክንድ በአፋቸው ይዘው ግቢ ገቡ። ሰውዬው ጭንቅ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ የታየው መላ ውሾቹን ማጥፋት ብቻ ነበር።

እስቲ ልብ በሉ። ሬሳውን ጎዳና ላይ ያስጣለው ራስ ሚካኤል ነው። ውሾቹን የለቀቁት አሽከሮቹ ናቸው። የውሾቹ ጌታ ብሩስ ነው። ሞት የተፈረደው በውሾቹ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ የጥፋቱና የቅጣቱ ቅደም ተከተል ግን ብዙም የተለወጠ አይመስለኝም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ውሻ አደባባይ ሲወጣ በገመድ ይያዝ ወይስ አይያዝ?» የሚለው ጭቅጭቅ በየደረስኩበት ይገጥመኛል። በኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ይነሳል፤ በለቅሶ ድንኳን ይነሳል፤ ማለዳ ማለዳ ሶምሶማ የሚሮጡ ሰዎችማ ሌላ ወሬም የላቸው። አንደኛው ወገን «የፈረንጅ ቅብጠት ነው! ሰው ሳይጠግብ ውሻ በገመድ ማንሸራሸር ምን ይሉታል?» ይላል። ሌላው ሱሪውን ሰብስቦ ባቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ያሳያል። መሀል ላይ ደግሞ ውሻውን ፊት ፊት አስቀድሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ «አይዟችሁ፣ አይናከስም!» የሚለው ሰው አለ። መቼም የሚናከስ ውሻ አለኝ ያለኝ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም። የተነከሰ ሰው ግን አጥቼ አላውቅም።

በእኛ አገር ውሻ አይታሰርም የሚል ካለ ተሳስቷል። ይታሰራል እንጂ! ከአጥሩ ጥግ ካለ ግንድ ጋር፣ ወይም ከበሩ አጠገብ ከተተከለ ብረት ጋር፣ በአጭር ሰንሰለት ቀኑን ሙሉ ይታሰራል። የሚታሰረው ግን ሰውን እንዳይነክስ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዳይለምድ ነው። ታስሮ የዋለ ውሻ ይከፋል፣ ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ ይታመናል፤ ደግሞም ይሆናል። ከዚያ አመሻሹ ላይ ይፈታል። ባለቤቱ ነቅቶ ሊጠብቀው በሚችልበት ሰዓት እስረኛ፣ ባለቤቱ ብርድ ልብሱን በሚከናነብበት ሰዓት ነፃ ማለት ነው። ዘበኛው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የግቢውን በር ገርበብ ያደርገዋል፤ ያ የተቆጣ እንስሳ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ እስኪነጋ ድረስ መንገዱ የእሱ ነው። ሌላው ዓለም ውሻውን ቤት ውስጥ ለቆ ውጭ ሲወጣ ያስረዋል። እኛ ቤት ውስጥ አስረን ውጭ እንለቀዋለን።

በዚያ ሰዓት ማን መንገድ ላይ ይኖራል? እስቲ አስቧቸው። ማኅሌት የምትቆም አዛውንት፣ ለሱብሂ ሶላት ወደ መስጊድ የሚያዘግሙ አባት፣ ሊጥ ሊያቦካ ወደ ዳቦ ቤት የሚሮጥ ጎረምሳ፣ አትክልት ተራ ቀድማ ለመድረስ የምትጣደፍ ቸርቻሪ፣ ከሌሊት ተረኝነት የምትመለስ የፋብሪካ ሠራተኛ። መኪና ያላቸው ሰዎች ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ነጠላዋን አጣፍታ በአንድ እጇ የጸሎት መጽሐፏን፣ በሌላው እጇ ድንጋይ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ሴት ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ አይደለችም። ድንጋዩን ቅጽሩ ሥር ታስቀምጠዋለች። ስትመለስ ያስፈልጋታላ።

ለነገሩ የሌላውንም ወገን ክርክር ንቄ የማልፈው አይደለም። «የሰፈር ውሻ» የሚባለው ነገር የከተማችን ትልቅ ተቋም ነው። በማንም ስም አልተመዘገበም፤ ግን ሰፈርተኛውን አንድ በአንድ ያውቃል። ሰክሮ የሚገባውን በእርምጃው ይለየዋል። ጅራቱን እየቆላ እስከ በሩ ይሸኘዋል። ጸጉረ ልውጥ ሲመጣ ሰፈሩን በጩኸት ይቀሰቅሳል። ደመወዙ የተረፈ እንጀራና አጥንት ነው። እኔ ባስተማርኩበት ግቢ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ተጋድሞ የሚውል አንድ ሽማግሌ ቡናማ ውሻ ነበር። ተማሪዎቹ «ዲኑ» ይሉታል። በፈተና ሰሞን ብቻ ተነሥቶ ይዞራል፣ አለዚያ ንቅንቅ አይልም የሚል ቀልድ ነበራቸው። ያንን ውሻ ሰንሰለት አጥልቆ መጎተት በእርግጥም ግፍ ይመስል ነበር። ድሀው ደግሞ ዘበኛ መቅጠር አይችልም፤ የሽቦ አጥርም የለውም። ያለችው አንዲት ውሻ ናት። «እሰራት» ስትሉት «ማን ይጠብቀኝ?» ቢላችሁ መልስ ያስፈልጋችኋል።

ችግሩ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይላል ያገሬ ሰው። የሰፈር ውሻ በአሥር ቤት በልቶ ለአሥር ቤት ይጮሃል። የነከሰ ዕለት ግን የትም አልበላም። «የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አሥሩም ቤት «እኛ አናውቀውም፣ ፍርፋሪ ጣል እናደርግለት እንደሆን እንጂ» ይላችኋል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የቆየ ሕግ አለ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን የምታውቁት ይመስለኛል። በሬው ቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ከገደለ፣ ተጠያቂነቱ ከበሬው አልፎ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ። ልብ በሉ፤ «አላሰብኩትም»፣ «ዘበኛው ነው በሩን የከፈተው»፣ «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» የሚሉት ሦስቱ የታወቁ መከላከያዎች ገና ሕጉ ሲጻፍ በሩ ተዘግቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሕግ ይዘን ስንት ሰው በውሻ ንክሻ ካሣ ሲያገኝ አይታችኋል? ሕጉ «ባለቤት» የሚለውን ቃል ይዞ ቆሟል፤ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ነው የጠፋው። ተነካሹም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቁስሉን ይዞ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም እንጂ ወደ ፍርድ ቤት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቃል ልምዘዝ፤ የቀድሞ ሙያዬ አይለቀኝምና። «ቁራኛ» የሚለውን ቃል ዛሬ «የቁም እስር» እንደማለት እንጠቀምበታለን። በቀድሞው ዘመን ግን ቁራኛ ሥርዓት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ አንዱ ከሌላው ጋር በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የአገራችንን ፍርድ ያዩ የውጭ መንገደኞች እጅግ ይደነቁበት ነበር። የሚደንቀውም ከሳሹ አብሮ መታሰሩ ነው። ተከሳሹ ውኃ ሽንት ሲሄድ ከሳሹም ይሄዳል። ገመድ ሁለት ጫፍ አለው፤ አስሬዋለሁ የሚለውም ታስሯል። እንግዲህ ስለ ውሻ ገመድ ሲወራ እኔ የሚታየኝ ቁራኛ ነው። ብዙ ሰው የሚከራከረው በአንደኛው ጫፍ ስላለው እንስሳ ነፃነት ነው። ታሪኩን ስትመረምሩት ግን ገመድን አጥብቆ የጠላው ሁልጊዜም በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰውዬ ነው።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ውሻ ወዳዱን የእንግሊዝን ሕዝብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ለንደን የእብድ ውሻ በሽታ ያለባት፣ በየመንገዱ ውሻ የሚርመሰመስባት ከተማ ነበረች። በ1867 በወጣው የለንደን ጎዳናዎች ሕግ ፖሊስ የባዘነ ውሻ እንዲይዝ፣ ሲያስፈልግም ውሾች አፋቸው እንዲታሰር እንዲያዝ ሥልጣን ተሰጠው። አፍ ማሰሪያው በቆዳ ወይም በሽቦ የተሠራ፣ እንደ ትንሽ ቅርጫት አፍ ላይ የሚጠለቅ ነገር ነው። በሽታው ሲበረታ ትእዛዝ ይወጣል፤ ጋብ ሲል ትእዛዙ ይነሣል፤ በሽታው ይመለሳል። አንዱ ወረዳ ሲያስር ጎረቤቱ አያስርም። እንዲህ እያለ ብዙ ዓመት ተንከባለለ።

በ1897 የግብርና ቦርዱ ኃላፊ የነበረው ዋልተር ሎንግ መረር አለ። በሽታው በታየበት አካባቢ ሁሉ፣ ሰፋ ባለ ክልል፣ አደባባይ የወጣ ውሻ አፉ ይታሰር ብሎ አዘዘ። ሰውዬው የወረደበትን ውርጅብኝ ብታነቡ ታዝኑለታላችሁ። አቤቱታ በአቤቱታ ላይ ተከመረ። ጋዜጣው በቁጣ ደብዳቤ ተሞላ። በ1891 የተቋቋመው የውሾች መከላከያ ማኅበር ነገሩ ጭካኔ ነው ብሎ ተነሣ። (ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ በ2003 ስሙን ቀይሯል።) የራሱ ፓርቲ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ፊታቸውን አጠቆሩበት። አፍ ማሰር ራሱ ውሻን ያሳብዳል የሚሉም አልጠፉም።

እውነት ለመናገር ከቅሬታዎቹ ውስጥ አንዱ ፍትሐዊ ነበር። ለአደን የተሰማሩ ውሾች ከትእዛዙ ነፃ ነበሩ። አደን ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጌቶቹ ውሾች በመንጋ ሆነው ሜዳውን ሲያቋርጡ አፋቸው ክፍት ነው፤ የጫማ ሰፊው ውሻ ከደጃፉ ሁለት እርምጃ ስትወጣ ፖሊስ ያፍሳታል። ከመንገድ የታፈሱት ውሾችም ሁሉም ጌታ አላገኙም፤ ብዙዎቹ ተገድለዋል። እንግሊዞች ይህን በጥንቃቄና በርኅራኄ ብቻ ተወጡት ብዬ ላሳምናችሁ አልፈልግም።

ውጤቱ ግን ይኸው ነው። በ1902 በሽታው ከአገሪቱ ጠፋ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚመለሱ ሰዎች በድብቅ ባስገቧቸው ውሾች ምክንያት በ1918 ተመልሶ ገባ። እንደገና አፍ ታሰረ፤ በ1922 እንደገና ጠፋ። እኔን የሚማርከኝ ከሽቦው ቅርጫት ይልቅ ከሽቦው ጋር የመጣው ጥያቄ ነው። ፖሊሱ መንገድ ላይ ቆሞ «ይህ ውሻ የማን ነው?» ሲል መልስ የሚሰጥ ሰው መኖር ነበረበት። መልስ ከሌለ ውሻው ይወሰዳል። መልስ ካለ ሰውዬው ይቀጣል። ሽቦው ከጊዜ በኋላ ቀረ፤ ጥያቄው አልቀረም። በ1992 የወጣው ደንብ አደባባይ የሚወጣ ውሻ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት የአንገት ማሰሪያ እንዲያደርግ ያዛል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ቆዳ ሥር የሚቀበር ማይክሮቺፕ ግዴታ ሆነ። ስምን ከአንገት ወደ ሥጋ አወረዱት ማለት ነው።

ሌላም መንገድ ነበር። ኢስታንቡል እንደ አዲስ አበባ በውሾቿ የታወቀች ከተማ ናት፤ የኢስታንቡልን የመንገድ ውሻ ያላነሳ የ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መንገደኛ ማግኘት ያስቸግራል። ውሾቹ ሰፈር ሰፈራቸውን ተካፍለው፣ ከሰው ጋር ተግባብተው ይኖሩ ነበር። በ1910 ከተማዋን ዘመናዊ እናደርጋለን ያሉ ሹማምንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን አፍሰው፣ በጀልባ ጭነው፣ በማርማራ ባሕር ውስጥ ወደምትገኝ ውኃ የሌላት ድንጋያማ ደሴት ወስደው ጣሏቸው። ውሾቹ በረሃብና በጥማት እዚያው አለቁ። ጩኸታቸው ባሕር ተሻግሮ ይሰማ እንደነበር ይነገራል። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ከውሻ የጸዳች እንዳይመስላችሁ። በ2024 የቱርክ ፓርላማ የመንገድ ውሾችን ሰብስቦ መጠለያ ስለማስገባት ሕግ ሲያወጣ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተጨቃጭቋል። አንድ መቶ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያው ጭቅጭቅ።

የእኛው ማዘጋጃ ቤት ደሴት የለውም። መርዝ ግን ነበረው። ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ሌሊት በየጎዳናው ይጣላል፤ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የውሻ ሬሳ እየተራመዱ ያልፋሉ። ይህን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። እንዲያ ሲሆን የሚሞተው ማን ነው? ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ገርበብ ተደርጎለት የወጣው ውሻም ይሞታል። ያን ጊዜ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ባለቤቱ ይገኛል! «ውሻዬን ገደሉብኝ» ብሎ ቀበሌ የሚጮኸው ሰው፣ ውሻው የሰው ልጅ ነክሶ በነበረ ጊዜ የት ነበር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የተገደሉትን ደግሞ ሌሎች ይተኳቸዋል። ሥጋ ቤቱ አጥንቱን እዚያው ይጥላል፤ የቆሻሻ ገንዳው እዚያው ነው፤ ምግቡ ካለ በላተኛ ይመጣል። የጤና ጥበብ አዋቂዎች ሲነግሩን የኖሩትም ይህንኑ ነው። በሽታውን የሚያቆመው ግድያ ሳይሆን ክትባት ነው፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች ሰባ በመቶው ያህል ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ለመከተብ ግን ውሻው ሊያዝ ይገባል። ገመድ አንገቱ ላይ ገብቶ የማያውቅ ውሻ ይዛችሁ መርፌ ለመውጋት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩ።

ስለ አደባባይ ውሻ ሲነሳ ሉሉን መዝለል አይቻልም። ሉሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ናት፤ ቺዋዋ የሚባለው ዝርያ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ሳይቀር ይዘዋት ይጓዙ ነበር። ሪሻርድ ካፑሺንስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ በ1978 ባወጣው መጽሐፍ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸና እንደነበር፣ ሽንቱን በጨርቅ እየጠረገ የሚዞር አንድ አገልጋይም እንደነበረ አውርቷል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ፈጠራ ነው ብለው አስተባብለዋል፤ እኔም ለማመን እቸገራለሁ። ወሬው ግን በዓለም ዞረ። የዞረውም የአንባቢውን ሁሉ ልምድ ስለነካ ይመስለኛል። የትልቅ ሰው ውሻ ሲመጣ ማንም «እሰሩልኝ» አይልም። ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች፤ ጌታውን ያመነ ውሻም እንዲሁ ነው። ዛሬም በአንዳንድ ሰፈር ያለ ገመድ የሚንጎማለለውን የጀርመን እረኛ ውሻ ስታዩ የጌታውን መኪና ዓይነት መገመት አይከብዳችሁም።

ይህ ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ውሻ ሲያሳድጉ አይቻለሁ። ገመዱን አጥብቀው ይይዛሉ፣ በሌላው እጃቸው የፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ከኋላ ከኋላ እያጎነበሱ ይለቅማሉ። አንዱን ወዳጄን «አንተ፣ አገር ቤት እኮ የአባትህ ውሻ ሰፈሩን ያሸብር ነበር» ብለው «እዚህ ይቀጡኛል፣ ጎረቤት ይከሰኛል» አለኝ። ስለ ውሻ ያለው አመለካከት አልተለወጠም። የተለወጠው ስሙ መታወቁ ነው።

ነገሩ የከተማ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ባሌ ልውሰደው። በሳነቴ አምባና በወብ ሸለቆ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ቁጥሩም በሁሉም ተራሮች ተደምሮ ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ይህን እንስሳ ከአዳኝ ጥይት ይልቅ የጎዳው የሰው ውሻ ነው። ከብት የሚያሰማራው ሰው ውሻውን ሳያስር ተከትሎት ይወጣል፤ ውሻው በቀበሮዎቹ ክልል ይዞራል፤ ከእነሱ ጋር ይናከሳል፤ በሽታውን ያሻግራል። በ1984 ዓ.ም. ግድም የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨረሰ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ወብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጀ፤ ያን ጊዜ የቀሩትን ለማዳን ቀበሮዎቹን እየያዙ በአስቸኳይ መከተብ ግድ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በሺህ ብር ላይ ፎቶውን ብናትምለትም አይድንም ያለኝ ሰው ነበር። ውሻውን ብናስርለትስ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው። አዲስ አበባን የእብድ ውሻ በሽታ ክፉኛ እንዳወካት የሚታወቀው በ1895 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ከተማዋ ገና ልጅ ሳለች ማለት ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ጉለሌ ላይ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ብዙ ጊዜ ቀያይሮ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ሰፈሩ ግን «ፓስተር» እንደተባለ ቀረ። የታክሲ ረዳቱ «ፓስተር! ፓስተር!» ሲል የሚጠራው ሉዊ ፓስተርን መሆኑን የሚያስታውስ ተሳፋሪ ብዙ አይመስለኝም። ሰፈሩን ከወንጌል ሰባኪ ጋር የሚያያይዝም አጋጥሞኛል።

የፓስተርን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ሐምሌ 6 ቀን 1885 በውሻ የተነከሰ ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአልዛስ ፓሪስ ደረሰ፤ ፓስተር በሰው ላይ ያልተሞከረውን ክትባት አስጀመረው፤ ልጁ ዳነ። እናቱ ይዛው መምጣቷንም እናውቃለን። በመማሪያ መጽሐፋችን ያልነበረው ሦስተኛው መንገደኛ ነው። ቴዎዶር ቮን የሚባል ባለሱቅ አብሯቸው መጥቶ ነበር። እሱ ማን ነው? የውሻው ባለቤት! ውሻው እሱንም ነክሶት ነበር፤ ጥርሱ ከልብሱ አልፎ ቆዳውን ስላልበሳው ፓስተር ወደ አገሩ እንዲመለስ ነገረው። እኔ ይህ ሰውዬ ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ልቤን ይነካኛል። ያበደውን ውሻ አይቷል፤ ምን እንደሆነ መናገር ይችላል፤ «የእኔ ውሻ ነው» ብሎ ከልጁ ጋር ባቡር ተሳፍሯል።

በእኛው ፓስተር ለብዙ ዓመት ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ ወይም ከፍየል አንጎል የሚሠራ የድሮ ዓይነት ነበር። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋል፤ ከዚያም ተጨማሪ አለው። «እምብርት ዙሪያ» ሲባል የሚዘገንነን ትውልድ ነን። ዛሬ ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጥ የተሻለ ክትባት አለ። ቢሆንም በአገራችን በዚህ በሽታ በየዓመቱ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ በላይ ሰው እንደሚሞት ይገመታል። በዓለም ደረጃ ከሚሞቱት መካከል አርባ በመቶው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙም የሚያዘው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ጥያቄ አለ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለው፣ የሚታሰር፣ ጤነኛ የሚመስል ከሆነ አሥር ቀን ይጠበቃል። በሽታው ያለበት ውሻ ከነከሰ በኋላ ያን ያህል ቀን በጤና አይቆይም። በአሥረኛው ቀን ውሻው ደኅና ከሆነ ልጁም ከዚህ በሽታ ደኅና ነው፤ የተጀመረው ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። ውሻው ከሞተ ምርመራው ቁርጡን ይናገራል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ገመድና አንድ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ነው። ውሻው ከሌለ ግን መጠበቅ የለም፤ እንደ ታመመ ውሻ ተቆጥሮ ክትባቱ እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት። እናትየው ከእንጦጦ ማዶ ልጇን አዝላ፣ ሥራዋን ትታ፣ የትራንስፖርት ብር ከጎረቤት ተበድራ በየቀጠሮው ትመላለሳለች። አንዳንዷ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ትቀራለች።

ነርሷ የሕፃኑን እግር እያጠበች ትጠይቃለች፤ «ውሻው የት ነው?»

«መንገድ ላይ ነው የነከሰው። ቀይ ነው።»

«የማን ነው?»

«የሰፈር ነው።»

«አሁን የት አለ?»

«እንጃ፤ ሄደ።»

ነርሷም ካርዱ ላይ «ያልታወቀ» ብላ ትጽፍና መርፌውን ታዘጋጃለች።